አሥራ አንድ ደረጃ ያለው የወረቀት ቤት

ባለፈው ጥር አንድ የሠርግ ጥሪ ካርድ ደረሰኝ። ባጃጅ ነጂ አምጥቶ ከሰፈራችን ሱቅ አስቀምጦልኝ ሄዷል። ባለሱቋ ፖስታውን ከመስጠቷ በፊት ከፍታ አይታዋለች፤ በዚህ ከተማ የሰው ፖስታ መክፈት ነውር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። «ጋሼ፣ ጉድ እኮ ነው! ሲከፍቱት ቤት ይነሣል!» አለችኝ ዓይኗን አፍጥጣ። ተቀብዬ ከፈትሁት። እውነትም ከታጠፈው ወረቀት መሐል ነጭ ቤት ብድግ አለ። ፎቅ አለው፣ በረንዳ አለው፣ ደረጃ አለው። ጣሪያው ላይ የሚያብረቀርቅ ዱቄት ነስንሰውበታል፤ ሲነኩት ጣት ላይ ይቀራል። ጠጋ አድርጌ ሳሸተው የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። አዲስ አበባ በጨረር የሚቆርጥ ማሽን መጥቷል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ የቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ ቡናማ አድርጎ ይለበልበዋል። እነርሱ ይህን «ዲዛይን» ይሉታል። እኔ ያረረ ወረቀት ነው የምለው። የማን ሠርግ እንደሆነ እንኳ ሳላነብ ኪሴ ከትቼው ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ሽታው ወደኋላ ወሰደኝ አልልም፤ ያ የዘፋኞች አነጋገር ነው። ሽታው አናደደኝ፣ ንዴቱ ነው ወደኋላ የወሰደኝ። ያኔ እኛ የምንቆርጠው በምላጭ ነበር። «እኛ» የምለው ለአፍ ያህል ነው እንጂ እኔ ብቻ ነበርሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ ከአንድ ሉክ ወረቀት ቤት ያቆመ ከእኔ በፊት ማንም የለም፤ ከእኔ በኋላም ያ ማሽን እስኪመጣ ድረስ ማንም አልነበረም። መንግሥት ተቀይሮ ቢሮዎች በየጊዜው ስም በሚለዋውጡበት ዘመን በአንደኛው የፕላን ነዳፊ ነበርሁ። ባለ ዲፕሎማ ነዳፊ ነኝ፤ ከተማው ግን «ኢንጂነር» ይለኛል፣ እኔም አላርመውም። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም ነው። ባጃጅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከገበያው እስከ ቢሯችን በር በጋሪ በስሙኒ ትሄዳለህ፣ ጭቃውን ደግሞ በነፃ ትጠግባለህ። ደረቁ ነጭ ወረቀት ሉኩ ሁለት ብር ይሸጥ ነበር። ወንዱ ሁሉ ወገቡ ላይ የተሸበሸበ ሰፊ ሱሪ ለብሶ በነፋስ ይነፋል፤ ሴቱም ትከሻው ስፖንጅ የገባበት ኮት ይለብሳል። ከካሴት ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ያመላልሰዋል፤ ቴፑ ረግቦ ዘፋኙ በወፍራም ድምፅ ሲያቃስት እንኳ ልብ የሚል አልነበረም። ዛሬ ስለዚያ ዘመን «ደግ ጊዜ ነበር» የሚሉ እኩዮቼን ስሰማ ይገርመኛል። ጉልበታችን ነው ደግ የነበረው እንጂ ጊዜው እንደ ዛሬው ነው።

ጥበቡን ያገኘሁት ከአንድ ፈረንጅ ካርድ ነው። በከተማው ሒሳብ ያስተምር የነበረ በጎ ፈቃደኛ አገሩ ከገባ በኋላ ለኃላፊያችን የአዲስ ዓመት ካርድ ላከለት፤ ሲከፈት መስኮት ያለው ግንብ ይቆማል። ኃላፊው ሁለት ቀን ሲከፍተውና ሲዘጋው ውሎ ሰለቸው፤ እንዲህ ያለ ሰው ምን ይሰነብትለታል! እኔ ወሰድሁት። ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ሳየው ሙጫ የለው፣ የተቀጠለ ነገር የለው። አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ እዚህ ተቆርጧል፣ እዚያ ወደ ውጭ ታጥፏል፣ እዚያ ወደ ውስጥ ታጥፏል። በማስመሪያ ስለካው ሕጉ ገባኝ። በረንዳው ከግድግዳው ሁለት ጣት እንዲወጣ ከፈለግህ ሁለቱን ጣት ከዚያው ወረቀት ትቀንሳለህ እንጂ ከሌላ አታመጣም። ከፊት የሚቆመው ሁሉ ከኋላው ተቆርጦ የመጣ ነው። ስለዚህ የወረቀት ቤት ጀርባ የለውም፤ ከፊት ሲያዩት ቤት፣ ከኋላ ሲያዩት ቀዳዳ ነው። የሚታጠፈውን መስመር ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ እጫነዋለሁ፣ የሚቆረጠውን በአዲስ ምላጭ እቆርጠዋለሁ። ምላጭ አንድ ቤት ከቆረጠ በኋላ ለፂም እንኳ አይሆንም።

ታዲያ ይህን የሚያይ ዓይን ያለው ሰው የት ተገኝቶ! በዚያ ዘመን የዕንቁጣጣሽ ካርድ ማለት ጽጌረዳና ሁለት ርግብ የታተመበት ወረቀት ነው። ትንሽ ገንዘብ ያለው ደግሞ ሲከፈት በባትሪ የሚያፏጭ ካርድ ይገዛል፤ ያን የጢንዚዛ ድምፅ ጆሮው ላይ ለጥፎ ፈገግ ይላል። የእኔን ካርድ ገልበጥ አድርገው «ጽሑፉስ የታል?» ይሉኛል። «መልካም አዲስ ዓመት» የሚል ካልተጻፈበት አዲሱ ዓመት የማይገባ ይመስላቸዋል።

ዓይን የነበራት አንዲት ሰው ብቻ ናት። ጥሩወርቅ ከእኔ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ታይፕ ትመታ ነበር። አባቷ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ከተማው በሙሉ መሪጌታ ይላቸዋል። አዲስ ካርድ በቆረጥሁ ቁጥር መጥታ ጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ ተደግፋ ታየዋለች። አታደንቅም፤ ዝም ብላ ታያለች። አንድ ቀን በጣቷ ጫፍ እየነካች፣

«በሩ አይከፈትም?» አለችኝ።

«በር ከተቆረጠ ግድግዳው ይደክማል።»

«ታዲያ ማን ይገባበታል?»

«ወረቀት እኮ ነው ጥሩ፤ ማን እንዲገባበት ፈለግሽ?»

ወደ ታይፗ ተመለሰች። እኔ እወዳት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ክፍል የታይፕ ድምፅ ሲቋረጥ ልቤ አብሮ ይቋረጥ ነበር። ሽማግሌ ግን አልላክሁም። ሦስት የሚያስሉ አዛውንት ጋቢያቸውን አጣፍተው ገብተው ዘሬን እንደ በሬ ቀንድ ሲያሞግሱት አስበውና ይቀፈኛል። እኔ የተማርሁ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ የገጠር ልማድ ውስጥ አልገባም እላለሁ። እውነቱን ለመናገር መሪጌታ «የት ልታኖራት ነው?» ቢሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም፤ የምኖረው በኪራይ አንድ ክፍል ነው። ፈርቼ ነበር፣ ፍርሃቱን ግን ንቀት እያልሁ ነው የምጠራው።

በጥቅምት አንድ ቀን ጠዋት አንድ ሰው ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ ጎንበስ አለ። ቁምጣ ለብሷል፣ ከላይ ኮት ደርቧል፣ እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ ነው። አምበር በምትባለው ጎረቤት ከተማ ቆርቆሮና ምስማር የሚቸረችር አስማረ የሚባል ነጋዴ መሆኑን ነገረኝ። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ያሽከረክረዋል።

«ኢንጂነር እርስዎ ነዎት?»

«ብሆንስ?»

«ሲከፍቱት የሚቆም ቤት ይሠራሉ አሉኝ። አንድ እንዲሠሩልኝ ነበር።»

«ለምንህ ነው?»

«ሽማግሌ ልልክ ነው። አባትየው ‹የት ሊያኖራት ነው?› ማለታቸው አይቀርም። ቦታ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ይዣለሁ፣ ቤቱን ገና ነኝ። እኔ ደግሞ አፌ አይፈታም። ሽማግሌዎቼም ቢሆኑ ስለ በሬ እንጂ ስለ ቤት ማውራት አይሆንላቸውም። እንዲያው በዓይናቸው አይተው እንዲረዱት ብዬ ነው።»

«ልጅቱ ማን ናት?»

በአገጩ የታይፕ ድምፅ ወደሚሰማበት ክፍል አመለከተኝ። «የመሪጌታ ልጅ ናት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጥሩወርቅ።»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ። እኔ የአስማረን አጥር ነቀነቅሁት። ቆርቆሮ ቸርቻሪ! አማርኛው እንኳ ከምስማር ጋር የሚመዘን የሚመስል ሰው! እሺ አልሁትና ሦስት ቀን ቆረጥሁለት። ሁለት ፎቅ አደረግሁት። በረንዳውን ያለ አንድ ምሰሶ አየር ላይ አንጠለጠልሁት። በውጭ በኩል አሥራ አንድ ደረጃ ሰጠሁት፤ የእያንዳንዱ ቁመት ከስፋቱ እኩል ነው፣ ለወረቀት ይቀላል፣ ለሰው ግን ከመሰላል አይሻልም። ፍየል ትወጣው ይሆናል። እንጨት የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደማይሠራ ያውቃል። ሒሳቤ ቀላል ነበር፤ መሪጌታ ከፍተው ያዩታል፣ «ይህን ልትሠራ ነው?» ብለው ይስቃሉ፣ ያ ምላሱ የታሰረ ሰውም ከነሽማግሌዎቹ አፍሮ ይመለሳል። በዕድሜዬ ከቆረጥኋቸው ሁሉ ያ ካርድ ይበልጣል። እጄ እንደዚያን ጊዜ ረግቶልኝ አያውቅም፤ ሰው ለማዋረድ ስቆርጥ ነው የረጋልኝ።

አስማረ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ፊቱ በርቷል።

«ሳቁብህ?» አልሁት።

«ኧረ አልሳቁም! መሪጌታ ከፍተው ዘጉት፣ ከፍተው ዘጉት። ከዚያ ‹ወረቀት ላይ ከቆመ ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ ይፈጸማል። ዓመት ሰጥቼሃለሁ፣ ይህንኑ ሠርተህ ውሰዳት› አሉኝ። ሽማግሌዎቹን በካርዱ ጀርባ አስፈረሟቸው። መጻፍ የማይችሉት በአውራ ጣታቸው ነው።»

«ይህ እኮ ካርድ ነው! ውል አይደለም!»

«እኔም ካርድ ነው ብዬ ነበር። እሳቸው አልሰሙኝም።»

እንዴት ይስሙት! ዕድሜውን በሙሉ ከብራና ጋር የኖረ ሰው ወረቀት ይቀልዳል ብሎ አያስብም። ይህን አለማሰቤ የእኔ ስሕተት ነው።

«አንተስ ምን አልህ?»

«እሠራለሁ አልሁ።»

«ትችላለህ?»

ባርኔጣውን ማሽከርከሩን ተወ። «ወረቀቱ ከቻለ እንጨቱ እንዴት ያቅተዋል ኢንጂነር?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላል ያገሬ ሰው። ሁለቱ ሲገናኙ በዓይኔ አየሁ። ካርዱን መሪጌታ ከመጽሐፎቻቸው ጋር በቆዳ ማኅደር ውስጥ አስቀመጡት። አስማረ በየእሑዱ አናጢውን አስከትሎ ይሄዳል፣ ካርዱ ይወጣል፣ በክር ይለካል፣ ተመልሶ ይገባል። እኔም በየቅዳሜው ቤቱ ወደሚሠራበት ወደ አምበር መውጫ እየሄድሁ ሥራውን ከሩቅ አየዋለሁ። ለመሳቅ ነበር የምሄደው። በረንዳው ይወድቃል ብዬ ስጠብቅ አናጢው የውስጡን ወለል ግንዶች አስረዝሞ ወደ ውጭ አወጣቸውና በረንዳውን በእነርሱ ላይ አስተኛው። ይህን ያሰበው ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠ አናጢ ነው፤ እኔ አላሰብሁትም። ደረጃውን ዝቅ እናድርገው ብሎ አናጢው ሲለምን አስማረ «ካርዱ ላይ እንዲያ አይደለም» ማለቱን ሰማሁ። አንድ ቀን ራሱ ቢሮዬ መጣና፣

«ኢንጂነር፣ ከኋላውስ ምንድን ነው ያለው? ካርዱ ከኋላ ባዶ ነው» አለኝ።

«የተፈረመብህ የሚታየው ነው። የማይታየውን ራስህ ፈልገው።»

አሰበና «እንግዲያው ከኋላ ለመሪጌታ ክፍል እሠራላቸዋለሁ» አለ። «ዓይናቸው እየደከመ ነው። ብቻቸውን እስከ መቼ ይኖራሉ?»

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጥሩወርቅ እንደ ድሮዋ መጥታ ጠረጴዛዬን ተደገፈች። ካርድ አልነበረኝም፤ ከዚያ ወዲህ አልቆረጥሁም።

«ቤቱን አየኸው?»

«አይቼዋለሁ። አይቆምም።»

«ከቆመስ?»

«ከቆመማ ትገቢበታለሻ!»

ቆመች። ከእኔ የምትጠብቀው ቃል ያለ ይመስል ነበር። እኔ እርሳሴን መቅረጽ ጀመርሁ። እርሳሱ እስኪያልቅ ብትቆም እንኳ የምናገር ሰው አልነበርሁም። ወደ ክፍሏ ገባች፣ የታይፑም ድምፅ ቀጠለ።

ቤቱ ቆመ። በሠርጉ ቀን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ አላለፍሁም፤ ሲጠይቁኝ አቧራው ይበዛል እላለሁ፣ አስፋልት ከሆነ በኋላ ደግሞ ባጃጁ ይበዛል ማለት ጀመርሁ። ዓመታቱ በዚህ ሁኔታ አለፉ። ኮምፒዩተር መጣ፣ የነዳፊ ጠረጴዛዬን የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አደረጉት። ማተሚያ ቤቶች ተከፈቱ፣ ሙሽሮች በየግድግዳው በሸራ ላይ እንደ ዕጩ ተመራጭ ተለጥፈው ታዩ። አሁን ደግሞ ሰው ጥሪውን በስልክ ይልክና አንድ የአበባ ምልክት ይመለስለታል፤ ደስ ብሎኛል ማለት ይህ ሆኗል። እኔ ጡረታ ወጥቼ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነኝ። ጣሪያው ሁለት ቦታ ያፈሳል። ነዳፊ ስለሆንሁ የትና ለምን እንደሚያፈስ ጠንቅቄ አውቃለሁ።

እንግዲህ ያን ጥር፣ ያረረውን ካርድ ቤቴ ገብቼ ጠረጴዛ ላይ ከፈትሁትና ጉድለቱን ፍለጋ ጀመርሁ። በረንዳው ምሰሶ የለውም፤ ደንቆሮዎች፣ አልሁ። ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፤ ይህን የነደፈ ሰው ደረጃ ወጥቶ አያውቅም፣ አልሁ። ቆጠርሁት። አሥራ አንድ ነው። እንደገና ቆጠርሁት። ያን ጊዜ ነው መነጽሬን አድርጌ ስሙን ያነበብሁት። አስማረና ጥሩወርቅ ልጃቸውን እየዳሩ ነው፤ ልጅቱ አዲስ አበባ ተምራለች፣ የእናትና የአባቷን ካርድ ወስዳ በማሽን አስቆርጣዋለች። እየሰደብሁት የመጣሁት የራሴን እጅ ነው። አንድ ነገር ብቻ ለውጣለች። በሩ በሦስት ጎን ተቆርጧል። በጥፍሬ ሳብ ሳደርገው ተከፈተ፣ ግድግዳውም አልደከመም።

ሄድሁ። ግቢው ድንኳን ተጥሎበታል። አስማረ ወፍሯል፣ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ እጁ ግን ያው የምስማር ሻጭ እጅ ነው። ሲያየኝ ከሰው መሐል እየጮኸ መጣ። «ኢንጂነሬ! የዚህ ቤት አባት እኮ እርሳቸው ናቸው!» እያለ ከእንግዳው ሁሉ አስተዋወቀኝ። «እርሳቸው ባይነድፉልኝ ኖሮ እስካሁን ከቆርቆሮው ሱቅ ጓዳ ነበርሁ» ይላል። ሰው ይነሣልኛል። ከዚያ ይዞኝ ወደ ፎቅ ወጣ፤ ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ላይ ቤት፣ ቡፌው መስታወት ውስጥ፣ የእኔ ካርድ እንደተከፈተ ቆሟል። ቢጫ ሆኗል። ከኋላ ያለችውንም ክፍል አሳየኝ፤ መሪጌታ እስኪያርፉ ዘጠኝ ዓመት ኖረውባታል፣ መጽሐፎቻቸው አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። እኔ ቀዳዳ የተውሁበት ቦታ ነው።

አስማረን ከታች ጠሩት። ጥሩወርቅ ገባች። ፀጉሯ ሸብቷል፣ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች። እጄን ጨብጣኝ ቡፌው አጠገብ እንደ ድሮዋ ተደገፈች።

«እሱ አያውቅም» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ደረጃውን ለምን እንዲያ እንዳደረግኸው።»

ዝም አልሁ። ዝም ማለት ዕድሜ ልኬን የሠለጠንሁበት ሙያ ነው።

«እኔ የዚያኑ ቀን አውቄዋለሁ። የአንተን እጅ አጣዋለሁ?» አለች፣ ሳትቆጣ። «ሁለት ዓመት ሽማግሌ ትልካለህ ብዬ ጠበቅሁህ። አንተ የላክኸው የሌላ ሰው ቤት ነው።»

ከታች እልልታ ተሰማ፣ ሙሽሪት ልትወጣ ነው። ጥሩወርቅ ነጠላዋን አስተካክላ ቀድማኝ ወጣች፤ ያንን ደረጃ ድጋፉን እንኳ ሳትነካ፣ ታች ካለው ሰው ጋር እያወራች ወረደችው። እኔ አናቱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቁልቁል ሲያዩት ገደል ነው። እግሬን አንድ ጊዜ ሰድጄ መለስሁት። ሰዉ ቀና ብሎ ያየኛል። አስማረ አየኝና እየሮጠ ወጣ።

«ቀስ ይበሉ ኢንጂነር። እኔን ይያዙ።»

«ይህን ደረጃ እስካሁን አለመቀየርህ!» አልሁት፣ የምለው ጠፍቶኝ።

«ለምን ብዬ እቀይረዋለሁ? ልጆቼ በዳዴ የወጡበት ነው» አለ ክንዱን እያስያዘኝ። «እኛ ለምደነዋል። የሚቸግረው እንግዳን ብቻ ነው።»

አሥራ አንዱንም ክንዱን ይዤ ወረድሁ።